ርግጫው ለዘበ፣ ትርፉ የት ገባ?

ከሃያ ዓመት በፊት በአሜሪካ የአጋዘን አዳኞች ገበያ የሚሸጠው ኃይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ዊንቸስተር «.300 ሾርት ማግነም» የተባለውን አጭርና ደንዳና ጥይት ሲያወጣ ሌሎች አምራቾችም ተሽቀዳድመው ተከተሉት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሰማንያ ኪሎ የማትሞላ ነጭ ጅራት አጋዘን ለመጣል፣ ሦስት መቶ ኪሎ ኤልክ የሚጥል ጥይት የሚገዛው ሰው ብዙ ነበር። ትከሻው በልዞ ከተኩስ ሜዳ የሚመለሰውም ብልዙን እንደ ጀብዱ ያወራው ነበር።

ዛሬ አዲስ አዳኝ ጠመንጃ ሊገዛ ሲገባ በቅድሚያ የሚቀርብለት ብዙ ጊዜ 6.5 ክሪድሙር ነው። ይህን ጥይት ሆርናዲ በ2007 ሲያወጣው ለኢላማ ተኩስ ውድድር ብሎ ነበር። ያሰቡት የኩባንያው የጥይት ሊቅ ዴቭ ኤመሪና የውድድር ተኳሹ ዴኒስ ዴሚል ናቸው። ስሙንም የወሰደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ከነበረ ዝነኛ የተኩስ ሜዳ ነው። ረጅምና ቀጭን አረር፣ መጠነኛ ባሩድ፣ ለዘብ ያለ ርግጫ። ይኸው ነው። አዳኞች ወደዱት፤ ርካሽ ጠመንጃ የሚሠሩ ፋብሪካዎችም ተቀበሉት፤ ማግነሙ ከመደርደሪያው ባይጠፋም የክብር ቦታውን ለቀቀ።

በእኔ ግምት ይህ ለውጥ ትክክለኛ ለውጥ ነው። ችግሩ ከርግጫው መቀነስ የተገኘው ትርፍ ለታለመለት ነገር አለመዋሉ ነው። ትርፉ በትክክል መተኮስ መሆን ነበረበት። አብዛኛው ግን ጠመንጃውን ለማቅለልና ርቀቱን ለማስረዘም እየዋለ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ርግጫው ራሱ። ጠመንጃ ወደ ኋላ የሚመታው አረሩና የተቃጠለው ባሩድ ወደ ፊት በወጡበት መጠን ነው። ሂሳቡን የሚወስኑት የአረሩ ክብደት፣ ፍጥነቱ፣ የባሩዱ መጠንና የጠመንጃው ክብደት ናቸው። መነጽሩን ጨምሮ 3.6 ኪሎ በሚመዝን ጠመንጃ ስናሰላው፣ 6.5 ግራም አረር የሚተኩሰው .243 ዊንቸስተር 13 ጁል ገደማ ይመታል። 9 ግራም የሚተኩሱት 6.5 ክሪድሙርና 7 ሚሊ ሜትር-08 ሬሚንግተን 18 እና 19 ጁል አካባቢ ናቸው። አያቶች ሁሉ የሚምሉበት .30-06 ከ11.7 ግራም አረር ጋር ወደ 30 ጁል ይደርሳል፤ .300 ዊንቸስተር ማግነም ደግሞ 40 ያልፋል። ልምድ ያላቸው አሠልጣኞች ሲናገሩ እንደሚሰማው፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚተኩስ ሰው ሳይሳቀቅ የሚችለው እስከ 20 ጁል ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ዓይን ቀድሞ ይጨፈናል፣ ትከሻ ቀድሞ ይሸሻል፣ ምላጩም በመሳብ ፈንታ ይነጠቃል።

ይህ መሳቀቅ የሚለመደው አጋዘኗ ፊት አይደለም። ጫካ ውስጥ ደም ሞቆ፣ ልብ እየመታ፣ ርግጫውን የሚያስታውስ አዳኝ እምብዛም የለም። መሳቀቁ የሚተከለው በበጋ፣ በተኩስ ሜዳው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቆሞ የሚተኩስ ሰው ሰውነቱ ከምቱ ጋር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጠረጴዛ ላይ ደገፍ ብሎ የተቀመጠ ግን ምቱን ሙሉ በሙሉ በትከሻው ይቀበላል። ሃያ ጥይት እንዲህ ከተኮሰ በኋላ አእምሮው ትምህርቱን ጨርሷል፤ በኅዳር የሚያደርገው በሐምሌ የተማረውን ነው። ድምፁም ከምቱ የማይተናነስ አስተማሪ ነው። ጆሮውን በደንብ ያልሸፈነ ጀማሪ «ጠመንጃው መታኝ» ይላል፤ ግማሹን ያስደነገጠው ግን ፍንዳታው ነው። ስለዚህ ከምንም ወጪ በፊት የጆሮ መከላከያና ለስላሳ የሰደፍ ትራስ መግዛት ይቀድማል። ሰደፉ ለሰውየው ክንድ ልክ መሆኑን ማረጋገጥም ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ አረሩ እንምጣ፤ ጨዋታው ያለው እዚህ ነው።

ለዘብ ያለ ጥይት አዲስ ግኝት የሚመስለው ብዙ ነው። 7 በ57 ማውዘር የወጣው በ1892 ነው። ስዊድንና ኖርዌይ 6.5 በ55ን ለጦራቸው የመረጡት በ1894 ሲሆን፣ የስካንዲኔቪያ አዳኞች እስከ ዛሬ ትልቁን ሙስ ይጥሉበታል። ስኮትላንዳዊው የዝሆን አዳኝ ካራሞጆ ቤል በሕይወቱ ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን ገድሏል፤ አብዛኛውን የጣለው በዚሁ 7 በ57 ነው። ቤል እኛንም ያውቀናል፤ በዛሬው ጋምቤላ በጊሎ ወንዝ ዳር አድኗል። ይህን ታሪክ ጠቅሶ «ትንሽ ጥይት ለሁሉም ይበቃል» የሚል ሰው ግን ቤል የዝሆንን የራስ ቅል ሰንጥቆ ያጠና፣ አንጎሉ ያለበትን ከየትኛውም አቅጣጫ የሚያውቅ ሰው እንደነበረ ይረሳል። አረሩም የማይከፈት፣ ጠንካራና ረጅም አረር ነበር። አጋዘን ላይ እንዲህ ዓይነቱ አረር ከንቱ ነው፤ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ እንስሳዋም ቆስላ ሩቅ ትሄዳለች።

ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ ያሳየ ጦርነት በአገራችን ምድር ተካሂዷል። የጣሊያን ጦር 6.5 ሚሊ ሜትር ካርካኖ ረጅምና ክብ አፍንጫ ያለው አረር ነበረው። በኢትዮጵያና በሰሜን አፍሪካ ዘመቻዎች «ወግቶ ያልፋል እንጂ አይጥልም» የሚል ቅሬታ ከገዛ ሠራዊቱ መጣ፤ በ1938ም ጣሊያን ወደ 7.35 ሚሊ ሜትር ለመሸጋገር ወሰነ። በአዲሱ አረር ጫፍ ውስጥ ቀላል አሉሚኒየም ያስገቡት ሥጋ ሲነካ እንዲገለባበጥ ብለው ነው። የጥይቱን ስፋት መጨመራቸው የዜናው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ የአረሩ አሠራር መለወጡ ነው። አዳኞች ይህን የተማሩት ቀስ ብለው ነው። ጆን ኖዝለር ከካናዳ የሙስ አደን በአረሩ ተበሳጭቶ ተመልሶ፣ መሃሉ በመዳብ ግድግዳ የተከፈለውን «ፓርቲሽን» አረር በ1948 ለገበያ አቀረበ። የፊተኛው ክፍል ይከፈታል፣ የኋለኛው ክብደቱን ይዞ ይገፋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ባርንስ እርሳስ የሌለበትን፣ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራውን «ኤክስ» አረር አመጣ። ዛሬ 6.5 ግራም የሚመዝን ጥሩ አረር፣ በአያቶቻችን ዘመን ለ10 ግራም ብቻ የሚታመነውን ሥራ ይሠራል። ለዘብ ያለ ጥይት መምረጥ ምክንያታዊ የሆነው በአረሩ መሻሻል ነው፤ ቀለሁ ላይ የተጻፈው ስም ብዙም ድርሻ የለውም።

ሕጉም ወደዚያው እየገፋ ነው። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በእርሳስ አረር ማደንን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል በአንድ ርዝመት ያነሰ ክብደት ይኖረዋል፤ አዳኙ ፈለገም አልፈለገም ቀለል ያለ አረር ይገዛል፣ ርግጫውም አብሮ ይቀንሳል። ስኮትላንድም በ2023 ለትልልቅ አጋዘኖች የሚፈቀደውን ዝቅተኛ የአረር ክብደት ከ100 ወደ 80 ግሬይን (ወደ 5.2 ግራም ገደማ) ያወረደችው ለእርሳስ አልባ አረር ቦታ ለመስጠት ነው። በሌሎች አገሮች ግን ሕጉ አሁንም አሮጌውን ሚዛን ይዟል። ጀርመን ከሚዳቋ ለሚተልቁት ቢያንስ 6.5 ሚሊ ሜትርና በ100 ሜትር ላይ 2,000 ጁል ትጠይቃለች፤ .243 ኃይሉ ቢበቃ እንኳ በስፋቱ ይወድቃል።

ስለ .243 ካነሳን እንቆይበት፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው በእሱ ስም ነውና። ዊንቸስተር በ1955 ሲያወጣው ከሦስት ዓመት በፊት የወጣውን የ.308 ቀለህ አፍ አጥብቦ ነው። በዚያው ዓመት ሬሚንግተን .244 የተባለ እኩያውን አወጣ፤ በቀለህ ስፋቱ እንዲያውም ይበልጠው ነበር። ገበያው ግን ቀጣው። የሬሚንግተን አፈሙዝ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ መስመር በየ12 ኢንች አንድ ጊዜ የሚዞር ስለነበር ለቀበሮ የሚሆን ቀላል አረር እንጂ ለአጋዘን የሚሆነውን 6.5 ግራም በአስተማማኝ ሁኔታ አያሽከረክርም፤ የዊንቸስተሩ በ10 ኢንች ይዞር ነበር። ሬሚንግተን ስሙን «6 ሚሊ ሜትር» ብሎ፣ መስመሩንም ወደ 9 ኢንች አጥብቆ በ1963 ቢመለስም .243 መንገዱን ይዞ ሄዷል። በአንድ ትንሽ የአፈሙዝ ልኬት ምክንያት አንድ ጥይት ነገሠ፣ ሌላው ተረሳ። ዛሬም 6.5 ክሪድሙርን ከቀደምቶቹ የለየው ይኸው ነው፦ ረጅም አረር ከሚያሽከረክር ጠባብ ዙር ጋር ከመጀመሪያው ቀን አብሮ መሸጡ።

.243 የልጆችና የጀማሪዎች ጥይት ተብሎ መታወቁ ግን አይዋጥልኝም። አረሩ ትንሽ ስለሆነ የስህተት ቦታው ጠባብ ነው፤ ከትከሻው ጀርባ ሳንባውን ካገኘ አጋዘኗ ሃምሳ ወይም መቶ ሜትር ሮጣ ትወድቃለች፤ ወደ ሆድ ወይም ወደ ወፍራሙ የትከሻ አጥንት ካፈነገጠ ግን የሚከተሉት የደም ዱካ እንኳ ላይተው ይችላል። ይህንን ጥይት በእርጋታ የሚጠቀም ሰው ልምድ ያለው አዳኝ ነው። ለልጁ የሚሰጡት ደግሞ ሰደፉ አጥሮ 2.5 ኪሎ ብቻ በሚመዝን «የወጣት» ጠመንጃ ነው። ሂሳቡን እንደገና ብንሠራው .243 በ2.5 ኪሎ ጠመንጃ 19 ጁል ይመታል፤ 7 ሚሊ ሜትር-08 በ3.6 ኪሎ ጠመንጃ ከሚመታው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ልጁ ያገኘው ያነሰ አረር ነው፤ ያነሰ ርግጫ አላገኘም። 6.5 ክሪድሙርም በ2.5 ኪሎ ጠመንጃ ሲሆን 26 ጁል ይደርሳል፤ ለዘብተኛ የተባለው ጥይት በዚህ ሁኔታ በሙሉ ክብደት ጠመንጃ ከሚተኮሰው .308 ይበልጥ ይራገጣል። ማስታወቂያው ስለ «ተራራ ጠመንጃ» ቅለት ሲያወራ ይህንን አይጠቅስም። ከመኪናው ሦስት መቶ ሜትር ርቆ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ለሚጠብቅ የፔንሲልቬኒያ አዳኝ ግማሽ ኪሎ መቀነስ ምን ይጠቅመዋል? እኔ አይገባኝም።

ጠመንጃ ሳይለውጡ ጥይቱን ብቻ ማለዘብም ይቻላል፤ ይህ መንገድ ከሚገባው በታች ነው የሚወራለት። ሬሚንግተን «ማኔጅድ ሪኮይል»፣ ሆርናዲ ደግሞ «ከስተም ላይት» ብለው ቀነስ ያለ ባሩድና ቀላል አረር ያላቸውን ጥይቶች ሸጠዋል። አንድ .30-06 በ8 ግራም አረር ቀነስ ተደርጎ ሲተኮስ ርግጫው ከ30 ወደ 16 ጁል ገደማ ይወርዳል። የአባቱን ጠመንጃ የወረሰ ልጅ፣ ወይም ትከሻው ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሽማግሌ፣ ሁለተኛ ጠመንጃ ከመግዛት በዚህ ይተርፋል። ጥይቱን ራሱ የሚሞላ ሰውም «ኤች 4895» የተባለው ባሩድ በአምራቹ በሆጅደን መመሪያ መሠረት እስከ ከፍተኛው መጠን 60 በመቶ ድረስ ዝቅ ሊደረግ እንደሚችል ያውቃል። ይህ ፈቃድ ግን የዚያ ባሩድ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ የሚቃጠለውን ባሩድ በራስ ግምት መቀነስ፣ ከመቀነስ ይልቅ አደገኛ የግፊት ዝላይ ሊያመጣ ይችላል፤ የታተመ መመሪያ ሳይዙ መሞከር ሞኝነት ነው።

የለዘበ ጥይት ሌላም ወጥመድ አለው። አረር የሚከፈተው በፍጥነት ነው። ብዙዎቹ የመዳብ አረሮች ከሴኮንድ 550 እስከ 600 ሜትር ባነሰ ፍጥነት ሲመቱ በሚገባ ላይከፈቱ ይችላሉ። ባሩዱን ቀንሶ ጠንካራ የመዳብ አረር የሚያስገባ ሰው፣ በ150 ሜትር ላይ የጣሊያኑን ካርካኖ መልሶ ፈጥሯል። የተቀነሰ ጥይት የሚፈልገው ለስላሳ፣ በዝግታም የሚከፈት አረር ነው፤ ጠንካራ አረር የሚፈልግ ደግሞ ፍጥነቱን አይቀንስ። ፋብሪካዎቹ ለተቀነሱት ጥይቶቻቸው ቶሎ የሚከፈት አረር የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው።

በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ደግሞ ለዘብታው የመጣው በሕግ በር ነው። ሜዳው ጠፍጣፋ፣ መንደሩ የተቀራረበ ስለሆነ እንደ ኦሃዮና ደቡብ ሚሺገን ያሉ አካባቢዎች ለረጅም ጊዜ ለአጋዘን ረጅም ርቀት የሚሄድ ጠመንጃ አይፈቅዱም ነበር፤ አዳኙ የሚይዘው በኃይል የሚራገጠውን፣ አንድ ወፍራም የእርሳስ አረር የሚተኩሰውን ሾትገን ነበር። ያ መሣሪያ ከ40 ጁል በላይ ይመታል። ሁለቱም ግዛቶች በ2014 ቀለሁ ቀጥ ያለ ጥይት ሲፈቅዱ ገበያ ተከፈተ፤ ዊንቸስተርም በ2019 .350 ሌጀንድን አቀረበ። ርግጫው 12 ጁል አካባቢ ነው፤ እስከ 180 ሜትር ድረስ ለአጋዘን ይበቃል። እንደ እኔ ይህ ከክሪድሙር ይልቅ የዘመኑ ቁም ነገር ነው፤ ምክንያቱም ርቀቱ በተፈጥሮው የተገደበ ስለሆነ ገዢውን አያማልለውም።

ክሪድሙር ያማልላል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የ500 ሜትር ሠንጠረዥ፣ ከ600 ሜትር አጋዘን የሚጥሉ ሰዎች ቪዲዮ፣ ርቀት መለኪያው፣ ቁልፍ ያለው መነጽር፣ ሁሉም አንድ ነገር ይናገራል፦ ከሩቅ ተኩስ። አጋዘን ላይ የሚፈለገው ክብ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ150 ሜትር ይህን ክብ ያለ ድካም የሚመታ ሰው፣ በ400 ሜትር ነፋሱን ካልገመተ ሊስት ይችላል፤ አረሩ በሚጓዝበት ጊዜ ደግሞ አጋዘኗ አንድ እርምጃ ልትራመድ ትችላለች። ለዘብ ያለው ጥይት ሰውየውን በትክክል እንዲተኩስ አድርጎታል፤ እሱም በተገኘው እርግጠኝነት ወደ ማይችለው ርቀት ሄዷል። ኮሎራዶ ለአጋዘን ቢያንስ .24 ካሊበርና በ100 ያርድ 1,000 ፉት-ፓውንድ (ወደ 1,350 ጁል) ትጠይቃለች፤ ሕግ ጉልበትን ሊለካ ይችላል፣ የተኳሹን ችሎታ የሚለካበት መንገድ ግን የለውም።

በዴንቨር ወይም በሰሜን ቨርጂኒያ ኖሮ በአርባ ዓመቱ አደን የሚጀምር ወገናችን የዚህ ሁሉ ወሬ የመጀመሪያ ሰለባ ነው። ከአባቱ ጋር በጫካው አላደገም፤ ምክር የሚሰጠው የሱቅ ሻጭ ነው። በቨርጂኒያ ለአጋዘን ሕጉ የሚጠይቀው ከ.23 ካሊበር ያላነሰ ጠመንጃ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ምርጫው ሰፊ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የማስበው ጠመንጃ 7 ሚሊ ሜትር-08 ነው፤ ሬሚንግተን በ1980 ያወጣው፣ የስፔን ጦር በ1893 ከተቀበለው ማውዘር ጋር ሥራው የሚመሳሰል፣ ከ.243 የበለጠ የስህተት ቦታ የሚተው ጥይት ነው። ከመነጽሩ ጋር 3.5 ኪሎ ይሙላ፤ አረሩም 7.8 ወይም 9 ግራም ይሁን። 6.5 ክሪድሙርም አይከፋም፤ በየሱቁ ጥይት ማግኘት ቀላል መሆኑ ቀላል ጥቅም አይደለም። ዝነኛው የጠመንጃ ጸሐፊ ጃክ ኦኮነር የ.270 ሰባኪ ሆኖ ሳለ ሚስቱ ኤሊኖር ብዙ አደኗን በ7 በ57 ማድረጓ በዚህ ነገር ከባሏ የበለጠ የሚታመን ምስክር ነው።

የቅርቡ ለውጥ ከድምፅ ማፈኛው ነው። ከ1934 ጀምሮ ለአንድ ማፈኛ ሲከፈል የኖረው የ200 ዶላር የፌዴራል ግብር ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል፤ ምዝገባው ግን አለ፣ የማይፈቅዱ ግዛቶችም አሉ። ማፈኛ ፍንዳታውን ብቻ አይቀንስም፤ ጋዙን ስለሚይዝና ክብደት ስለሚጨምር ርግጫውንም ይቀንሳል። አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው ቀዳዳማ ብሬክ ርግጫውን ሲቀንስ ጩኸቱን ወደ ጎን እየረጨ የአጠገብ ሰውን ጆሮ ስለሚጎዳ፣ ማፈኛው ከእሱ በእጅጉ ይሻላል። ፋብሪካዎቹ ታዲያ ማፈኛው ሲገጠም ጠመንጃው እንዳይረዝም አፈሙዙን ወደ 16 እና 18 ኢንች እያሳጠሩ ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ግን በ24 ኢንች አፈሙዝ የተለካ ነው። በእያንዳንዱ ኢንች በሴኮንድ 7 ሜትር ገደማ ይጠፋል፤ ወደ 16 ኢንች ሲወርድ ከ50 ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ የመዳቡ አረር የሚከፈትበት የመጨረሻ ርቀት ከሠንጠረዡ ከ60 እስከ 80 ሜትር ቀርቦ ያበቃል፤ ገዢው ይህን ማወቅ የሚችለው ፍጥነቱን በራሱ ጠመንጃ ከለካ ብቻ ነው።